ከድልድዩ ሥር መቆማችን ትክክል ነበር ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል። ጠያቂው ባለፈው ዓመት በሜይ ወር ከባለቤታቸውና ከሰባት ዓመት ልጃቸው ጋር ከዳላስ ወደ ካንሳስ ሲቲ በመኪና ይጓዙ ነበር። በካንሳሷ ከተማ ኤል ዶራዶ አካባቢ ነዳጅ ቀድተው ሲወጡ ሰማዩ ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥቁረት ለብሶ ስለነበር ባለቤታቸው «እዚሁ እንቆይ» ቢሏቸውም፣ እርሳቸው መንገዱን ለመጨረስ ቸኩለው ጉዞውን ቀጠሉ። ብዙም ሳይርቁ ስልካቸው የቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚወርድ ብርቱ የአዙሪት ነፋስ) ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ እንቁላል የሚያህል በረዶም መውረድ ጀመረ። እንደ ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ እነርሱም ከአውራ ጎዳናው በላይ በሚያልፍ ድልድይ ሥር ቆመው አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቁ፤ ምንም ሳይነካቸውም አለፈ። ዘንድሮ በዚያው ወር በዚያው መንገድ ሊሄዱ ስለሆነ፣ ያደረጉት ትክክል እንደሆነና አሁን ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠይቃሉ። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ በሰማች ቁጥር እንደምትንቀጠቀጥም ጨምረው ጽፈዋል።

ከድልድዩ ልጀምር። መቆምዎ ትክክል አልነበረም፤ ትክክሉ ባለቤትዎ ያሉት ነበር። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ድልድይ ከቶርኔዶ ያስጥላል የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ የሰረጸ ነው፤ የተስፋፋውም፣ የሚገርመው፣ እርስዎ ከቆሙበት አካባቢ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1991 አንድ የቴሌቪዥን ቀረጻ ቡድን ከቶርኔዶ ሲሸሽ፣ ኤል ዶራዶ አጠገብ በካንሳሱ የክፍያ መንገድ ላይ ካለ ድልድይ ሥር ከሌሎች ተጓዦች ጋር ተጠለለ። ሁሉም ተረፉ፤ የቀረጹትም ምስል በዓለም ዙሪያ ታየ። ምስሉ ያልተናገረው ግን ቶርኔዶው ደካማ እንደነበረ፣ በድልድዩ ላይ በቀጥታ እንዳላለፈ፣ ድልድዩም ሰው ሊሸጎጥበት የሚችል ክፍተትና ሊጨብጠው የሚችል አግዳሚ ያለው፣ በአሠራሩ ከአብዛኞቹ ድልድዮች የተለየ እንደነበረ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 3 ቀን 1999፣ ኦክላሆማን ብዙ ቶርኔዶዎች በአንድ ቀን መቷት፤ ከእነርሱም በብሪጅ ክሪክና በሙር በኩል ያለፈውን ተንቀሳቃሽ ራዳር ሲለካው ነፋሱ በሰዓት ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ቀን ሰዎች ከሦስት ድልድዮች ሥር ተጠልለው ነበር፤ በሦስቱም ሰው ሞተ፣ ከተረፉትም ብዙዎቹ ክፉኛ ቆሰሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነፋስ መሬት አጠገብ በሣሩ፣ በቁጥቋጦውና በአፈሩ ስለሚታገት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ግን ይበረታል። የድልድዩን ተዳፋት ወጥቶ ከወለሉ ሥር የሚሸጎጥ ሰው እንግዲህ ራሱን ወደ ፈጣኑ ነፋስ እያቀረበ ነው። ነፋሱ ደግሞ በዚያ ጠባብ ክፍተት ተጨምቆ ሲያልፍ ይበልጥ ሊፈጥን ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን ስብርባሪው ነው፤ ቶርኔዶ ሰውን በአብዛኛው የሚጎዳው ተሸክሞት በሚመጣው ቆርቆሮ፣ የአጥር ሽቦ፣ ጠጠርና የተሰነጠቀ እንጨት ነው፤ ድልድይ ደግሞ ጣራ እንጂ ግድግዳ የለውም። አዙሪቱ ሲያልፍ ነፋሱ አቅጣጫውን ስለሚገለብጥ፣ ከምሰሶው ጀርባ ተከልዬአለሁ ያለ ሰው ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ፊት ለፊት ይጋለጣል። እርስዎን ያተረፈው ድልድዩ ሳይሆን ቶርኔዶው በዚያ አለማለፉ ነው። በተጨማሪም መኪኖች ተደራርበው ሲቆሙ መንገዱ ይዘጋል፤ ከኋላ የሚመጣው መንገደኛም በዶፉ ውስጥ ማምለጫ ያጣል።

ወደ ዘንድሮው ጉዞ ስንመጣ፣ «ቶርኔዶ ሳይ ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ለዚያም መልስ እሰጣለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት ያሉት ምርጫዎች ሁሉ መጥፎዎች ናቸው። መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው «ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የት እሆናለሁ?» የሚለውን ነው።

አሥር ሰዓት ያልኩበት ምክንያት አለኝ። በዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ በጸደይ ወራት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሣ ሞቃትና እርጥብ አየር ከሥር ይገባል፤ ከምዕራቡ ደጋ የሚመጣ ደረቅ አየር ደግሞ ከላዩ ይነጠፋል። ጠዋት ላይ ይህ የላይኛው ንብርብር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ እርጥቡን አየር አፍኖ ይይዘዋል። ፀሐይ መሬቱን ስታግል ውላ ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ሲከፈት፣ አየሩ ወደ ላይ ተተኩሶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደመና ይሠራል። ነፋሱ ከመሬት ወደ ላይ ከፍ እያለ ሲሄድ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን የሚለዋውጥ ከሆነ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል፤ ሱፐርሴል የሚባለው ይህ ነው፤ ብርቱዎቹ ቶርኔዶዎች በአብዛኛው የሚወለዱት ከእርሱ ነው። ስለዚህም አብዛኞቹ ቶርኔዶዎች የሚነሡት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ስልክዎ ላይ በሚያነቡት የአገሩ አቆጣጠር ከ4 እስከ 9 ማለት ነው። በሌሊት የሚመጡም አሉ፤ ስለ እነርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ከዳላስ እስከ ካንሳስ ሲቲ ያለው መንገድ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከነዕረፍቱ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ባለፈው ዓመት ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሡ አልጻፉልኝም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ኤል ዶራዶ የሚደርሰው ልክ በክፉው ሰዓት ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሡ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ካንሳስ ሲቲ ይገባሉ። ልጅን ከእንቅልፏ ቀስቅሶ መኪና ውስጥ ማስገባት ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ ከምሰጥዎት ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህንን ይውሰዱ።

ቀኑን መምረጥም ይቻላል። ኖርማን፣ ኦክላሆማ ውስጥ የሚገኘው የወጀብ ትንበያ ማዕከል ለመላው አገሪቱ እስከ ስምንት ቀን ወደፊት የሚያይ ትንበያ ያወጣል፤ ለቅርቦቹ ቀናት ደግሞ አደጋውን ከ1 እስከ 5 በደረጃ ከፍሎ በካርታ ላይ በቀለም ያሳያል። ደረጃ 1 እና 2 በሜይ ወር በዚያ ሜዳ ላይ የተለመዱ ናቸውና ጉዞ አያስቀሩም። በ3 ቀን በማለዳ ተነሥቼ፣ ነዳጄ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ እየተጠነቀቅሁ እሄዳለሁ። 4 ወይም 5 መንገዴ ላይ ካረፈ ግን አልንቀሳቀስም፤ አንድ ቀን አሳድሬ እሄዳለሁ። ይህ የእኔ የግል ሚዛን እንጂ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ አይደለም።

መንገድ ላይ ሳሉ የሚሰሟቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ ሲደባለቁም አደጋ ያመጣሉ። «ቶርኔዶ ዎች» ማለት በሰፊ አካባቢ፣ ለብዙ ሰዓታት፣ ቶርኔዶ ሊፈጠር የሚችልበት ሁኔታ ተሟልቷል ማለት ነው፤ ተዘጋጁ የሚል መልእክት ነው። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ማለት ግን ቶርኔዶ በዓይን ታይቷል ወይም ራዳር ላይ የሚሽከረከር ደመና ተገኝቷል፣ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው። ከማስጠንቀቂያው እስከ ቶርኔዶው ያለው ጊዜ በአማካይ አሥር ደቂቃ አካባቢ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በአውራ ጎዳና ላይ 18 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ፤ የት እንዳለ ካላወቁ ደግሞ ወደ እርሱ ሊሆን ይችላል።

የመንገደኛ ትልቁ ድክመት ያለበትን አለማወቁ ነው። ሬዲዮው ማስጠንቀቂያውን የሚናገረው በካውንቲ (በግዛቱ ውስጥ ባለ የአስተዳደር ወረዳ) ስም ነው፤ የአገሩ ነዋሪ «በትለር ካውንቲ» ሲባል ደንግጦ ይነሣል፣ ኤል ዶራዶ ላይ ነዳጅ እየቀዳ ያለው መንገደኛ ግን በትለር ማለት እርሱ የቆመበት መሆኑን አያውቅም። የኦክላሆማው ክሊቭላንድ ካውንቲ ሲጠራም «ኦሃዮ ነው፣ ሩቅ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ሙርና ኖርማን ግን የሚገኙት እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት በመንገድዎ ያሉትን ካውንቲዎች በተራ በወረቀት ይጻፉ፤ በኦክላሆማ ላቭ፣ ካርተር፣ መሪ፣ ጋርቪን፣ መክሌይን፣ ክሊቭላንድ፣ ኦክላሆማ፣ ሎጋን፣ ፔይን፣ ኖብል፣ ኬይ፤ ካንሳስ ሲገቡ ሰምነር፣ ሴጅዊክ፣ በትለር፣ ቼዝ፣ ላዮን እያለ ይቀጥላል። ስልክዎ ላይ በድንገት የሚጮኸው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ በአካባቢው ካሉ የስልክ ማማዎች የሚሠራጭ ስለሆነ እንግዳም ይደርሰዋል፤ በቅንብሩ ውስጥ ያለመዘጋቱን ያረጋግጡ። የአየር ትንበያ መተግበሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ የተሞላላቸውን የመኖሪያ ከተማ ይዘው ስለሚቀሩ፣ እርስዎ ካንሳስ ላይ በረዶ እየወረደብዎት ስለ ዳላስ ፀሐይ ሊነግሩዎት ይችላሉ።

አሁን ወደ መንገዱ። ቶርኔዶዎች በብዛት የሚጓዙት ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ካርታውን ቢመለከቱ ከዊቺታ እስከ ኤምፖሪያ ያለው የክፍያ መንገድ የሚሄደውም በዚያው አቅጣጫ ነው፤ ይህም ማለት ወጀቡና እርስዎ ጎን ለጎን ልትጓዙ ትችላላችሁ ማለት ነው። ከካሶዴይ እስከ ኤምፖሪያ ባለው 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደግሞ ከማትፊልድ ግሪን የአገልግሎት ጣቢያ በቀር ለመንገደኛ የሚሆን መውጫም ሆነ ቤት የለም፤ ግራና ቀኙ የከብት ግጦሽ ሣር ነው። እንግዲህ ውሳኔው የሚወሰነው ኤል ዶራዶ ላይ ነው። እዚያ ቆመው ሳለ «ዎች» ከወጣ፣ በስልክዎ የራዳር ካርታም ላይ በደቡብ ምዕራብ በኩል ቀይ፣ ማለትም ብርቱ ወጀብ፣ ካዩ፣ ባለቤትዎ እንዳሉት እዚያው ይቆዩ። አንድ ሰዓት ቡና እየጠጡ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ አይበልጥም።

የነዳጅ ማደያ ሱቅ ለዚህ ምን ይረባል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከምድር ቤት ጋር አይወዳደርም፤ ከመኪና ግን በእጅጉ ይሻላል። መስታወት ካለበት የፊት አዳራሽ ርቀው መስኮት የሌለው፣ ጠባብና መሐል ላይ ያለ ክፍል ይፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ ወይም መጠጥ የሚቀዘቅዝበት ትልቁ ክፍል ነው። ሜይ 22 ቀን 2011 ጆፕሊን፣ ሚዙሪ ውስጥ 158 ሰዎችን የገደለው ቶርኔዶ አንድ የነዳጅ ማደያ ሱቅ ከላያቸው ላይ ሲያፈርሰው፣ በዚያ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የነበሩት ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ጣራቸው ሰፊ የሆነ ትልልቅ መደብሮች ውስጥ ከገቡም ከአዳራሹ ወደ ውስጠኛው መጸዳጃ ቤት ይሂዱ። ቴክሳስ በአዳዲስ የመንገደኛ ማረፊያዎቿ ላይ የወጀብ መጠለያ ሠርታለች፤ በምልክት ስለሚታወቅ ሲያልፉ ልብ ይበሉት።

ቶርኔዶው በሩቅ ቢታይዎትስ? ከሩቅ ምልክት ጋር፣ ለምሳሌ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር፣ አስተያይተው ይዩት። ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ በሌላ አቅጣጫ እየተጓዘ ነው። ባለበት ቆሞ የሚሰፋ ከመሰለ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው። ቀን ከሆነ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነና ርቀቱ ሰፊ ከሆነ፣ ከአካሄዱ ጋር መስቀለኛ በሆነ አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ደቡብ፣ መንዳት ይቻላል። እሽቅድምድም ግን አይሞክሩ። ሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሪኖ፣ ኦክላሆማ አጠገብ የተነሣው ቶርኔዶ 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው፤ በድንገትም አቅጣጫውን ቀይሮ ፈጠነ። ከገደላቸው ስምንት ሰዎች ሦስቱ ወጀብን በማጥናት ዓመታትን ያሳለፉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የሞቱትም መኪናቸው ውስጥ ሳሉ ነው። በዚያው ምሽት የኦክላሆማ ሲቲ ነዋሪዎች በመኪና ለመሸሽ በአንድ ጊዜ ወጥተው አውራ ጎዳናዎቹ ተዘጉ። ቀደም ሲል በ1979 ዊቺታ ፎልስን በመታው ቶርኔዶም ከሞቱት መካከል ከግማሽ በላይ የሆኑት መኪና ውስጥ ነበሩ።

ማምለጫ ጠፍቶ ስብርባሪ መኪናውን መምታት ከጀመረ የቀሩት ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ናቸው። አንደኛው መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ማቆም፣ የደህንነት ቀበቶን እንዳሰሩ ከመስኮቱ በታች ማጎንበስና ራስን በእጅ፣ በብርድ ልብስ ወይም በካፖርት መሸፈን ነው፤ ልጅዎም ወንበሯ ላይ እንደታሰረች ትሁን። ሁለተኛው ከመንገዱ በግልጽ ዝቅ ያለ ቦታ በቅርብ ካለ ከመኪናው ወርዶ እዚያ በደረት መተኛት ነው። የትኛው እንደሚሻል ቦታው ይወስነዋል፤ ለሁሉም ቦታ የሚሆን መልስ የለኝም። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ግን ዝቅ ያለ ቦታ የውኃም ማደሪያ መሆኑን አይርሳ። በኤል ሪኖው ምሽት የወረደው ዝናብ ያመጣው ደራሽ ጎርፍ ከቶርኔዶው ይልቅ ብዙ ሰው ገድሏል፤ ከሟቾቹም መካከል ቶርኔዶውን ሽሽት የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ የገቡ ነበሩበት።

ስለ በረዶውም አንድ ነገር ልበል፤ ምክንያቱም ወደ ድልድዩ የገፋዎት እርሱ ነው። የመኪና የፊት መስታወት በሁለት ንብርብር መካከል ፕላስቲክ ተጣብቆበት የተሠራ ስለሆነ ቢሰነጠቅም አይበተንም፤ የጎንና የኋላ መስታወቶች ግን በአብዛኛው አንድ ጊዜ ከተመቱ ይረግፋሉ። ስለዚህ ከመንገድ ወጥተው፣ ከተቻለ የመኪናውን ፊት በረዶው ወደሚመጣበት አዙረው ያቁሙ፤ ልጅዎን ከጎን መስኮቱ ፊቷን መልሰው በልብስ ይሸፍኗት። ጣራው ይጎደጉዳል፣ ድምፁ ያስፈራል፤ በብዛት ግን የሚጎዳው ቆርቆሮው ነው። አረንጓዴው ሰማይም የቶርኔዶ ማረጋገጫ አይደለም፤ ብዙ ውኃና በረዶ የተሸከመ ጥልቅ ደመና በሰርክ ብርሃን የሚያሳየው ቀለም ነው። ጎርፍ መንገዱን ከሸፈነው ግን አይሻገሩት፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚፈስ ውኃ ትናንሽ መኪኖችን፣ 60 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኞቹን መኪኖች ይወስዳል።

ሌሊቱን መንገድ ላይ የሚያድሩ ከሆነ ሆቴል ሲገቡ ከቁልፉ ጋር አንድ ጥያቄ አብረው ይጠይቁ፦ ወጀብ ቢመጣ እንግዶች የት ይሰበሰባሉ? የሚቻል ከሆነ ምድር ላይ ያለ ክፍል ይውሰዱ። የከተማ ሳይረን የተሠራው ደጅ ላሉ ሰዎች ነው፤ በተዘጋ መስኮትና በማቀዝቀዣ ድምፅ ውስጥ ተኝተው እርሱ ይቀሰቅሰኛል ብለው አይተማመኑ፤ የሚቀሰቅስዎ ስልክዎ ነውና ድምፁ ተከፍቶ ይደር። ጫማ ከአልጋው ሥር ይኑር፤ ከወጀብ በኋላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆስለው በባዶ እግሩ መስታወትና ምስማር ረግጦ ነው። ድንኳንም ሆነ በመኪና የሚጎተት ቤት መጠለያ አይደለም፤ በካናዳ፣ አልበርታ፣ ፓይን ሌክ ላይ ጁላይ 14 ቀን 2000 ቶርኔዶ የመታው እንዲህ ያለውን የመዝናኛ ሰፈር ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ካለፈ በኋላ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦን አይጠጉ፤ ጉዳት ወደ ደረሰበት ሰፈር ለማየት አይግቡ፤ ለቤተሰብ በስልክ ከመደወል አጭር መልእክት መላክ ይቀላል፣ መስመሩ ሲጨናነቅም ቶሎ ይደርሳል።

የቀረው ልጅዎ ናት። በሰባት ዓመቷ ያየችው ነገር ወላጆቿ የት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ሲደናገጡ ነው፤ ነጎድጓዱ ያንን ያስታውሳታል ብዬ እገምታለሁ። ያንን የካውንቲ ዝርዝር ለእርሷ ይስጧት። በአውራ ጎዳናው ዳር ወደ አዲስ ካውንቲ ሲገቡ ስሙን የሚያበስር ሰሌዳ አለ፤ ሰሌዳውን አይታ፣ ስሙን ጮክ ብላ አንብባ፣ ያለፋችሁትን በእርሳስ ትሰርዝ። ሬዲዮው የካውንቲ ስም በጠራ ጊዜም መጀመሪያ የምትጠየቀው እርሷ ትሁን፤ አልፈነዋል ወይስ ገና ነው?